በእናቴ አንገት የተንጠለጠለው መጥሪያ

ልጆቼ "እማ፣ አንቺ እኮ በመብራትም አታምኚም" እያሉ ይስቁብኛል። በመብራት አምናለሁ። የማላምነው "ይህ ዕቃ ተመርምሯል፣ ደኅንነቱ ተረጋግጧል" የሚለውን ወረቀት ነው። ሊፍት ውስጥ ተለጥፎ አየዋለሁ፣ ፋብሪካችን ማሽኖች ላይም አለ። ሰው አንብቦት ልቡ ሲረጋ ይገርመኛል። እኔ ማን መረመረው ብዬ አልጠይቅም፤ የሚመረምሩት የተማሩ ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ። እኔን የሚያብሰለስለኝ፣ ሲመረምሩት ማንን አስበው ነበር የሚለው ነው። እናቴን እንዳላሰቡ ስለማውቅ።

እናቴ ራማት ኤሽኮል በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖር ነበር። የጎንደር ሰዎች ነን፣ በሱዳን በኩል ነው የመጣነው። አባቴ መንገድ ላይ ቀረ፤ እኔና እሷ ደረስን። አድጌ፣ አግብቼ፣ በከተማው ሌላ ጫፍ ቤት ስይዝ ከእኔ ጋር እንድትኖር ብዙ ለመንኳት። "የራሴን በር ራሴ ልዝጋው" ትለኝ ነበር። ስኳር ነበረባት፣ ጉልበቷም መክዳት ጀምሯል። እኔ የምሠራው የፕላስቲክ ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ጠዋት ስንገባ ስልካችንን ሳጥን ውስጥ እንቆልፋለን፤ ማሽን አጠገብ ስልክ መያዝ ለደኅንነት ሲባል ክልክል ነው። ስለዚህ ከሥራ እስክወጣ ድረስ እናቴ ብትፈልገኝም አታገኘኝም።

ቢሆንም ብዙ አልሰጋም ነበር። እናቴ ሰው ነበራት። ጠዋት ጠዋት መንግሥት የመደበላት መታፔሌት ትመጣለች፤ አረጋውያንን የምትንከባከብ፣ ከሩሲያ የመጣች ጠንካራ ሴት። ታጥባታለች፣ ስኳሯን ትለካላታለች፣ ትሄዳለች። ከዚያ ደግሞ ጎረቤቷ አሉ። ግድግዳ የሚጋሩ ሞሮኮያዊት ባልቴት ነበሩ። ጠዋት ሲነሡ በመዳብ ዘነዘናቸው ግድግዳውን ያንኳኳሉ። እናቴ በጭልፋ እጀታ ትመልስላቸዋለች። ምሳ ሰዓት ላይ ይደገማል፣ ሲመሽም እንዲሁ። አንዳቸው የሌላኛዋን ቋንቋ አያውቁም፤ ደረጃ ላይ ሲገናኙ እጅ ለእጅ ተያይዘው አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በሞሮኮ ዐረብኛ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉም። አንድ ቀን እናቴን እንቅልፍ ጥሏት መልስ ሳትሰጥ ብትቀር ሴትየዋ በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው በሩን ሊሰብሩት ደረሱ። ከፍታ ስታያቸው በጥፊ ሊመቷት ምንም አልቀራቸውም፤ ከዚያ አቅፈው አለቀሱ። እናቴ ይህን ለሰው ሁሉ ታወራው ነበር።

የእናቴ ዕብራይስጥ ሦስት አራት ቃል ነው። "ሻሎም" ትላለች፣ "ቶዳ" ትላለች፣ ከሁሉም በላይ ግን "ቤሴደር" ትላለች። ደኅና ነው፣ ችግር የለም ማለት ነው። ሐኪም ፊት ስትቀርብ እንኳ "ሀኮል ቤሴደር?" ሲላት፣ ሁሉ ደኅና ነው ወይ ሲላት፣ "ቤሴደር፣ ቤሴደር" ብላ ትጀምራለች። ሐኪሙ ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ በሚል ዓይን ያያታል። እኔ ነኝ የማስረዳው። በእኛ ዘንድ ሰው ሲጠይቅህ አስቀድመህ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለህ፤ ሕመምህን የምትናገረው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴም ያንን ነው በዕብራይስጥ የምታደርገው።

አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። አገር እንደገባን ባረፍንበት የአዲስ መጪዎች ማዕከል ውስጥ ክፍላችን ጎን ለጎን ነበር። እናቷ ታማሚ ስለነበሩ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከእኔ ጋር ትበላለች፤ ፀጉሯን የምትሠራት የእኔ እናት ነበረች። ሁለታችንን እግሯ ሥር አስቀምጣ አንዷን ጨርሳ ወደ ሌላዋ ትሄዳለች። ጓደኛዬ ጎበዝ ስለነበረች ተምራ መጋሼሬት ሆነች፤ በቢሮውና በእኛ ሰው መካከል ቆማ የምታስተረጉምና የምታገናኝ ማለት ነው። አፍሪዳር በሚባለው ሰፈር ካለው የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮ ጠረጴዛ ሰጧት። በዚያ ቢሮ ከእኛ ወገን እሷ ብቻ ነበረች። እናቴ "ልጃችን መንግሥት ቤት ገባች" እያለች ስትኮራባት፣ እኔም ኮርቼባት ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጓደኛዬን እናቴ ቤት አገኘኋት። ፊቷ ደስ ብሎታል።

"መልካም ነገር ይዤላችሁ መጣሁ" አለች። "ለእማማ መጥሪያ ተፈቅዶላታል። አንገቷ ላይ ታደርገዋለች፤ ከወደቀች ወይ ካመማት ትጫነዋለች። ወዲያው ሰው ያናግራታል።"

"ማነው የሚያናግረኝ?" አለች እናቴ።

"ሞቀድ የሚባል አለ፣ እማማ። ቀን ከሌሊት የሚጠብቁ ሰዎች የተቀመጡበት ቦታ ነው።"

"አማርኛ ያውቃሉ?"

"ያውቃሉ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ አለ። ደግሞስ እኔ አለሁልሽ አይደል?" ብላ ጉልበቷን ሳመቻት።

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዛሬ ሰው ተሳስተሽ ይሆናል ቢለኝ አልቀበልም፤ ጓደኛዬ የእናቴን ጉልበት ስትስም ደጃፉ ላይ ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር።

የሚገጥመው ሰውዬ በሳምንቱ ከጓደኛዬ ጋር መጣ። ስልኩ አጠገብ ነጭ ሳጥን አስቀመጠ። ድምፅ ማጉያ አለው፣ ማይክሮፎን አለው። ለእናቴ ደግሞ በገመድ የታሰረች ቀይ መጥሪያ አንገቷ ላይ አጠለቀላት። ሳጥኑ ሥር ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ ዕቃው በአገሪቱ ቴቄን፣ ማለት ሕጉ በሚያዘው መለኪያ ተፈትኖ ማለፉን ይናገራል። ሰውዬው ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ከዚያ ራሱ መጥሪያውን ተጫነ፣ ሳጥኑ ጮኸ፣ ከውስጡ የወንድ ድምፅ ወጣ። ገጣሚው በዕብራይስጥ "ፍተሻ ነው" አለው፤ ያኛው "እሺ፣ በደንብ ይሰማል" አለ። አለቀ።

"አሁን ደግሞ እናቴ ትሞክረው" አልኩ። "በአማርኛ ትናገርና እንይ።"

ጓደኛዬ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። "ሰውዬው ሌላ ቤት ይጠብቀዋል፤ ፍተሻው እኮ አልፏል" አለችኝ በሹክሹክታ። "እኔን አታምኚኝም እንዴ?"

ይህን የምትለኝ አብራኝ ያደገች ሰው ናት። አምናታለሁ አልኩ። ሰውዬው ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

መጥሪያው ብቻውን ቢመጣ ኖሮ አንድ ነገር ነው። የመጣው ግን ሌላ ነገር ሊተካ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የመታፔሌቷ ሰዓት ተቀነሰ፤ በየቀኑ ትመጣ የነበረችው ሴት አንድ ቀን ገብታ ሌላ ቀን የምትቀር ሆነች። ቢሮ ደውዬ ስጠይቅ፣ "እናትሽ አሁን መጥሪያ ተገጥሞላታል፤ በመመሪያው መሠረት ብቻዋን መሆኗ እንደ በፊቱ አደጋ አይደለም" አሉኝ። መመሪያው እንዲህ ያስባል፤ ሰው ያወጣና ሳጥን ያስገባል፣ ከዚያ ሚዛኑ አልተዛባም ይላል።

ጎረቤቷም ዘነዘናቸውን አስቀመጡ። ጓደኛዬ ናት በደግነት ያነጋገረቻቸው። "እርስዎም ይረፉ፣ እሷ አሁን ከሞቀድ ጋር ተገናኝታለች" ብላቸዋለች። ባልቴቲቱ የእጃቸው አንጓ ያማቸው ነበር። መንግሥት ከያዛት የእኔ ማንኳኳት ምን ይጨምራል ብለው መሰለኝ፣ ወደ ልጃቸው ቤት እየሄዱ ሰንበት ብለው መመለስ ጀመሩ። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን በጭልፋዋ ግድግዳውን እየመታች መልስ ትጠብቅ ነበር፤ በኋላ ተወችው።

ሐቁን ለመናገር ያ መጥሪያ ሰው አድኗል። ከእናቴ ሕንፃ ማዶ የሚኖሩ አንድ የሮማኒያ ሽማግሌ ልባቸውን ሲያማቸው ተጫኑት፣ አምቡላንስ ወዲያው ደረሰላቸው። ሰው ሁሉ አወራው። እኔም ጥርጣሬዬን ዋጥኩት። ሽማግሌው ዕብራይስጥ እንደ ውኃ እንደሚጠጡ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ነገሩ የደረሰው ክረምት ላይ፣ መታፔሌቷ በማትመጣበት ቀን ነው። ከሥራ ወጥቼ ስልኬን ከፋብሪካው ሳጥን ሳወጣ ማንም አልደወለልኝም። ገበያ ገብቼ ለእናቴ ሙዝና ወተት ገዛሁ። ደረጃውን ወጥቼ አንኳኳሁ፣ ዝም። በራሴ ቁልፍ ከፈትኩ።

መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ነበረች። ቀዝቃዛው ሸክላ ላይ በጎኗ ተኝታለች፣ ሻሽዋ ወልቋል፣ ቀሚሷ ረጥቧል። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ቀይዋን መጥሪያ በጭብጧ ይዛታለች።

አይታኝ የተናገረችውን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። "መጣሽ? ያ ሰውዬ ነው የላከሽ?"

"የትኛው ሰውዬ፣ እማዬ?"

"የሳጥኑ ሰውዬ። ጠዋት ነግሬው ነበር እኮ። ቆየሽሳ።"

ጠዋት! ቁርስ ሳትበላ ነው የወደቀችው። እዚያ ወለል ላይ ሆና ቀኑን ሙሉ ሰውዬው ሰው እንደላከላት አምና ትጠብቃለች። በደረጃው ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር መጡ ትላለች። አምቡላንስ ጠርቼ፣ ብርድ ልብስ አልብሻት፣ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ስንጠብቅ ቀስ እያለች ነገረችኝ። ስትወድቅ ወዲያው ተጫነችው። የሰው ድምፅ መጣ። ወደቅሁ ብላ ነገረችው። እሱም አንድ ነገር አላት፣ ድምፁ ጠፋ። ትንሽ ጠብቃ እንደገና ተጫነች፤ እንደገና አናገራት፣ ጠፋ። ሦስተኛ ስትጫን ግን፦

"ተቆጣኝ" አለችኝ። "ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም። ብቻ ተቆጣ። ከዚያ ወዲያ አፈርኩና ተውኩት። ሰው ያስቸገርኩ መሰለኝ።"

ዳሌዋ ተሰብሯል። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ስኳሯ ስለነበረ ቁስሉ አልሽር ብሎ ሆስፒታል ብዙ ከረመች። እኔ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እጇን እያሻሸሁ፣ ያ ሰውዬ ምን ብሎ ይሆን የተቆጣት እያልኩ አስባለሁ።

ጎረቤቷ ከልጃቸው ቤት እንደተመለሱ ሰምተው መጡ። ገና በሩ ላይ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። "ባንኳኳ ኖሮ! ባንኳኳ ኖሮ!" ይላሉ በዕብራይስጥ፤ ከዚያ ወደ ራሳቸው ቋንቋ ይገባሉ። እናቴ ምን እንደሚሉ ሳልነግራት ገባት። ጉንጫቸውን ይዛ፣ "ተይ እቴ፣ አንቺ ምን አደረግሽ" እያለች በአማርኛ አጽናናቻቸው። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ይቅርታ የጠየቁን እኚህ ምንም ያልፈረሙ፣ ምንም ቃል ያልገቡ ባልቴት ብቻ ናቸው።

ጓደኛዬም ሆስፒታል መጣች። አበባ ይዛ መጥታ፣ አልቅሳ ሄደች። ስለ ሳጥኑ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። የደነገጠች መስሎኝ እኔም አልጠየቅኋት።

አቤቱታ አቀረብኩ። ብዙ ከተመላለስኩ በኋላ አፍሪዳር በሚገኘው ቢሮ ስብሰባ ተጠራ። እናቴ ያን ጊዜ ከሆስፒታል ወጥታ እኔ ዘንድ ነበረች። አትምጪ ብላት "ሰውዬው ካለ ላየው እፈልጋለሁ" አለች፤ በተሽከርካሪ ወንበር ወሰድኳት። ሰውዬው ግን አልነበረም። የነበሩት የቢሮው ኃላፊ ሴትዮ፣ ከመጥሪያው ድርጅት የመጣ ላፕቶፕ የያዘ ሰው፣ ከእነሱ ጎን ደግሞ በአስተርጓሚነት ጓደኛዬ ነበሩ። ስንገባ ተነሥታ እናቴን ሳመቻት። ከዚያ ተመልሳ በእነሱ በኩል ተቀመጠች።

የድርጅቱ ሰው ትሑት ነበር፤ አይክድም። "በሞቀዱ የሚደረገው ንግግር ሁሉ ይቀረጻል፤ ከመናገር መስማት ይሻላል" አለና ላፕቶፑን ከፈተ።

መጀመሪያ የሞቀዱ ወጣት ድምፅ መጣ። ጨዋ ድምፅ ነው። "ሻሎም፣ እንዴት ልርዳሽ?" ከዚያ የእናቴ ድምፅ። ከመታጠቢያ ቤት እስከ ሳጥኑ ድረስ እየጮኸች ስለነበር ራቅ ብሎ፣ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። "ወድቄያለሁ ልጄ። ዳሌዬ ነው፣ መነሣት አቃተኝ። ልጄን ጥራልኝ።"

ወጣቱ ጠየቃት። "ሀኮል ቤሴደር?"

እናቴም መለሰች። "ቤሴደር፣ ቤሴደር ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወድቄያለሁ…"

"ቶዳ፣ መልካም ቀን" አላት። ጠፋ።

የድርጅቱ ሰው እዚያ ላይ አቆመው። "እንደምትሰሙት ደንበኛችን ደኅና መሆኗን ሁለት ጊዜ አረጋግጣለች" አለ። ሦስተኛውንም አሰማን። የተቆጣው ቁጣ "እመቤቴ፣ ይህ መጫወቻ አይደለም፣ ለአደጋ ጊዜ ብቻ ነው" የሚል ነበር። እናቴ የራሷን ድምፅ ከላፕቶፑ ስትሰማ ወንበሯን ይዛ ወደ ፊት ዘንበል አለች፤ ሰውዬው አሁንስ ይሰማኝ እንደሆነ ብላ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው።

እኔም፣ "ከቤሴደር በፊትና በኋላ ያለው ይተርጎም" አልኩ። "አስተርጓሚ አለች። ትተርጉም።"

እንደገና አጫወቱት። ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የምናውቅ ሦስት ሰዎች ነን። እናቴ፣ እኔ፣ ጓደኛዬ። ጓደኛዬ አንገቷን ደፍታ አዳመጠች። ኃላፊዋ "ምን ትላለች?" አለቻት።

እሷም በዕብራይስጥ፣ "ሎ ባሩር" አለች። ግልጽ አይደለም። "ድምፁ ሩቅ ነው። ሰላምታ የሰጠች ይመስለኛል፤ ሌላውን ማረጋገጥ አልችልም።"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ያ ድምፅ "ራትሽን ብይ" ያላት ድምፅ ነው። ያ ድምፅ እኮ "ፀጉርሽን ልሥራልሽ፣ ነይ" ሲላት ያደገችበት ነው።

እናቴ እጅጌዬን ጎተተችኝ። "ምን አለች?"

ልዋሻት አሰብኩ። አልቻልኩም። "የተናገርሽው አይሰማም አለች፣ እማዬ። ሰላምታ ይመስላል አለች።"

እናቴ ወደ ጓደኛዬ ዞራ ለረጅም ጊዜ አየቻት። አልተቆጣችም። ድምፅዋ ውስጥ ያለው ሐዘኔታ ነበር። "ልጄ፣ ጆሮሽን ያምሻል እንዴ?" አለቻት። የምሯን ነው የጠየቀችው። ኃላፊዋ ምን አለች ብላ ስትጠይቅ ጓደኛዬ አልተረጎመችላትም።

እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩት። የድርጅቱ ሰው በአክብሮት ሰማኝና፣ "አንቺ ግን የጉዳዩ ባለቤት ነሽ፤ ከቢሮው አስተርጓሚ የተለየ ነገር መቀበል አንችልም" አለ። ከዚያ ማይክሮፎኑ እንደ ቴቄኑ መሥራቱን፣ ሠራተኛው መልስ የሰጠበት ፍጥነት ከሕጉ በታች አለመሆኑን፣ ንግግሩ በሥርዓቱ መቀረጹን አንድ በአንድ አስረዳ። አንዱንም ማስተባበል አልቻልኩም፤ ሁሉም እውነት ነው። ሁሉ ነገር በሕጉ መሠረት ሠርቷል፣ እናቴ ደግሞ ወለሉ ላይ ቀርታለች። ሕጉ ሳጥኑ መስማቱን ይለካል፤ የሰማውን የሚረዳ ሰው ከኋላው መኖሩን የሚለካበት አንድም መሥመር የለውም። ኃላፊዋ በመጨረሻ መፍትሔ አገኘች። እናቴ "ናፋልቲ" የምትል የዕብራይስጥ ቃል እንድትማር መከረችን። ወደቅሁ ማለት ነው። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ወለል ላይ ሆና የምትፈተነው ፈተና ያ ነው ማለት ነው።

ስንወጣ ጓደኛዬ በኮሪደሩ ተከትላ መጣች። እናቴን ሊፍቱ አጠገብ አቁሜ ጠበቅኳት።

"እኔንም ዋሽተውኛል" አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። "ድርጅቱ አማርኛ የሚያውቅ ሰው አለን ብለው ነው የነገሩኝ። ለእናትሽ የነገርኩት የነገሩኝን ነው።"

"ዛሬስ? ዛሬ የሰማሽውን ለምን አልተናገርሽም?"

"አማርኛ ያውቃሉ ብዬ መጥሪያ ያስገጠምኩላቸው ቤቶች አንድና ሁለት አይደሉም። ያንን ከተረጎምኩ የሁሉም ጉዳይ ሊነሣ ነው። በዚያ ቢሮ ከእኛ ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ብወጣ ማን ይገባል? ለሌሎቹ ሽማግሌዎች ማን ይቆምላቸዋል?"

"አንቺን እነሱ ዋሹሽ" አልኳት። "እናቴን ግን አንቺ ነሽ የዋሸሻት። ያውም ፊት ለፊቷ፣ በማታውቀው ቋንቋ።"

ወንበሩን ገፍቼ ሊፍቱ ውስጥ ገባሁ። እዚያም ወረቀቱ ተለጥፏል፤ ተመርምሯል ይላል።

መጥሪያውን መለስን። የእናቴ ቤት ተለቀቀ፣ እኔ ዘንድ ቀረች። የራሷን በር መዝጋት የምትወደው ሴት የልጆቼን ክፍል ተጋርታ፣ አራት እግር ባለው መደገፊያ እየተራመደች መኖር ጀመረች። አልተነጫነጨችም። አንዳንድ ጊዜ ግን ጭልፋ አንሥታ እጀታውን ስታገላብጥ አያታለሁ።

በዚያው ዓመት፣ ሙቀቱ ሲገባ፣ አንድ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ በራችን ተንኳኳ። ጓደኛዬ ናት። ልዘጋባት እጄን መዝጊያው ላይ አድርጌያለሁ። እናቴ ከውስጥ "ማነው?" አለች። ስሟን ስነግራት "ታዲያ ምን አቆማት? ትግባ እንጂ" አለች።

ገባች። እናቴ አጠገቧ አስቀመጠቻት፤ እጇን ይዛ ስለ ልጆቿ ጠየቀቻት፣ ስለ እናቷ መቃብር ጠየቀቻት። ምሳ አምጪ አለችኝ። አመጣሁ። ከአንድ ሳህን በሉ። እናቴ አጎረሰቻት። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ዕቃ እንደገና አጠብኩ። ያን ቀን ሁለተኛ የተከዳሁ መሰለኝ፤ በዚህኛው ጊዜ በገዛ እናቴ። ለማን ብዬ ነው የተከራከርኩት? ያ ሁሉ ስብሰባ፣ ያ ሁሉ ደጅ ጥናት፣ ለማን ነበር?

ልትሄድ ስትነሣ እናቴ "ሸኚያት" አለችኝ። እናቴ ያለችውን እምቢ ማለት አላውቅበትም። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ጎን ለጎን ሄድን። ፌርማታው ላይ ቆመን ሳለ ከከተማው ዳር ካለው ባሕር ንፋስ ይመጣብናል። አውቶቡሱ ከሩቅ ሲታይ ዞር ብላ አየችኝ።

"ስሊኻ" አለችኝ። ይቅርታ ማለት ነው፤ በዕብራይስጥ እግር ስትረግጥም፣ ሰው ገፍተህ ስታልፍም የምትላት ቃል ናት።

"በአማርኛ በይኝ" አልኳት።

አፏን ከፈተች። አውቶቡሱ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ከኋላችን ያሉ ሰዎች መግባት ጀመሩ። እሷም ገባች። በመስኮቱ በኩል አላየችኝም።

ወደ ቤት ስመለስ እናቴ መደገፊያዋን ይዛ መስኮት አጠገብ ቆማለች። "አውቶቡስ አገኘች?" አለችኝ።

"አገኘች።"

"ከሳች፣ አየሻት? ምግብ አትበላም ያቺ ልጅ" አለችና እንድቀመጥ አጠገቧ ቦታ አሳየችኝ። ተቀመጥኩ። ስለ እሷ ግን ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ እናቴም ይህን አይታ፣ እያደር መጠየቁን ተወች።